እዚሁ ትቆይ

ረድኤት አንሼቦ የዶክትሬት ተማሪ በነበረችበት ዘመን ምርምር የሚሠራው ሰው አልነበረም። ምርምሩን የሚሠራው ማሽን ነው፤ ሰዉም በቀላሉ «ተመራማሪው» ይለው ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ «አንባቢዎች» ይባላሉ። የአንባቢ ሥራ ተመራማሪው የደረሰበትን ነገር እስኪገባው ድረስ ማንበብ፣ መጠየቅ፣ እንደገና ማንበብ፣ በመጨረሻም በጉባኤ ፊት ቆሞ «ተረድቼዋለሁ» ብሎ መማል ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ያልተረዳው ግኝት ሥራ ላይ እንዳይውል ሕግ ይከለክላል። ሕጉ የወጣው ረድኤት ከመወለዷ በፊት ነበር። ለምን እንደወጣ በደንብ የሚያስታውሱት ሰዎች አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ በቆመ ሕንፃ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ አንባቢዎች አንድ ሙሉ ፎቅ ነበራቸው። እያንዳንዱ አንባቢ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ቀኑን ሙሉ ከተመራማሪው ጋር ያወራል። በኮሪደሩ ለሚያልፍ ሰው ቦታው የጸሎት ቤት ይመስላል፤ ሁሉም ለብቻው ያጉተመትማል፤ ከየበሩ ጀርባ ደጋግሞ የሚሰማው «ለምን?» የሚል ቃል ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሲገናኙ «እንዴት ዋልሽ» ቀርቶ ሰላምታቸው «ገባሽ?» ሆኗል። መልሱ ሁልጊዜ «እየገባኝ ነው» ነው። «አልገባኝም» የሚል ሰው የለም።

ረድኤት የደረሳት ግኝት ስለ ወላድ እናቶች ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ ወደ ሆስፒታል ትላክ ወይስ እዚያው ትውለድ የሚለውን የሚወስን ሥርዓት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልስ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «ትሂድ» ወይም «እዚሁ ትቆይ»። በአሮጌው መመሪያ ይህን የምትወስነው አዋላጇ ነበረች፤ የደም ግፊት ለክታ፣ የደም መፍሰስ አይታ፣ ጥርጣሬ ካላት ትልካለች። በአሮጌው መመሪያ ብዙ እናቶች ይሞቱ ነበር። አዲሱ በተሞከረባቸው ወረዳዎች ግን የሟቾቹ ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው የረድኤትን መሐላ ነበር።

አብዛኛውን ክፍል ተረዳችው። አንድ ነገር ግን አልገባ አላት። ከሴቶቹ መካከል እግራቸው ያበጠ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ማንም አዋላጅ ሳታመነታ የምትልካቸው ነበሩ። ሥርዓቱ አንዳንዶቹን «ትሂድ» ይላል። ሌሎቹን፣ በምንም የማይለዩትን፣ «እዚሁ ትቆይ» ይላል።

«ይህቺን ለምን አቆየሃት?» ብላ ተመራማሪውን ትጠይቀዋለች።

ተመራማሪው በረጋ ድምፅ ስለ ሴትዮዋ ደም፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ቀድሞ እርግዝናዋ ይዘረዝርላታል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። «የተቀረው ምክንያት ከዚህች ሴት ማኅደር ውጭ ነው።»

ማኅደሮቹ ለአንባቢ የሚደርሱት ስማቸው፣ ቀናቸውና ቦታቸው ተፍቆ ነበር፤ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው ደንብ የሚያዘው እንደዚያ ነው። ረድኤትም «ከማኅደሩ ውጭ» ሲላት ከሌሎች ሚሊዮን ወሊዶች የተማረውን የሕክምና ዕውቀት ማለቱ መሰላት። የማኅፀን ሐኪሞች የሚያነቡትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አነበበች። ስለ ኩላሊት አነበበች፤ ስለ እንግዴ ልጅ አነበበች። የምትፈልገውን በሴቶቹ ገላ ውስጥ ስታስስ ወራት አለፉ።

አማካሪዋ ዶክተር ሚፍታህ ሰይድ አንድ ቀን ቢሮአቸው አስጠሯት። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የወሎ ሰው ናቸው።

«ረድኤት፣ ጉባኤው ቀን እንድቆርጥ እየጠየቀኝ ነው።»

«አንዱ ነገር አልገባኝም፣ ዶክተር።»

«እናቶች በየቀኑ እየሞቱ ነው። አንቺ እስኪገባሽ አይጠብቁም።»

«አውቃለሁ። ግን ተረድቼዋለሁ ብለሽ ማይ ነው የሚሉኝ። አልተረዳሁትማ!»

ዶክተር ሚፍታህ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔ በወጣትነቴ ስምል ሁሉም ነገር ገብቶኝ የነበረ ይመስልሻል?» አሏት። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ጉባኤው ፊት ስትቆም ረድኤት እውነቱን ተናገረች። «ሥርዓቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልተረዳሁትም» አለች። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት አንዷ ሴት፣ የእናቶች ጤና ኃላፊ የነበረች፣ ተነስታ ወጣች። ግኝቱ ለሌላ አንባቢ ተላለፈ፤ ከረድኤት ጎን ባለው ክፍል ለሚሠራው ለናኦድ። ናኦድ ደግ ልጅ ነው። እናቱ የሞተችው እሱን ስትወልድ እንደሆነ ረድኤት ታውቅ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ማለ። አዲሱ ሥርዓትም በየጤና ጣቢያው ተዘረጋ።

ረድኤት ሌላ ግኝት እስኪመደብላት ድረስ ወደ ሀዲያ፣ ወደ ቢዳራ ሄደች። ታናሽ እህቷ ሕሊና የምትኖረው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። ባለቤቷ ሄኖክ የወረዳው ውኃ ሥራ ቢሮ ተቀጣሪ ነው፤ አባታቸው አቶ አንሼቦም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ረድኤት እህቷን ገበያ አጀበቻት፤ ልብስ አጠበችላት፤ ማታ ማታ እግሯን በለብ ያለ ውኃ ነከረችላት። እግሯ እያበጠ ነበር። ረድኤት ያን ዓይነት እግር ከስንት ማኅደር ላይ አንብባዋለች፤ በእጇ ስትይዘው ግን ሌላ ነገር ሆነባት።

ምጡ የመጣው እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ባለበት ሰዓት ነው። መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው መኪና አይገባም፤ ረድኤት፣ ከሥራ የተጠራው ሄኖክና አባታቸው ሕሊናን ደግፈው በእግር ጤና ጣቢያ አደረሷት። አዋላጇ ሲስተር ዘቢባ ተቀበለቻቸው። ሕሊናን አስተኝታ ለካቻት፤ ራሷን ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ሕሊናም እንደሚያማት ተናገረች። ስክሪኑ ወዲያው መልሱን አወጣ።

እዚሁ ትቆይ።

አባቷ ወደ ረድኤት ዞሩ።

«ይሄው ነው ያንቺ ትምህርት?» አሏት። «ምን እንበል? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«አላውቅም አባዬ።»

«እንዴት አታውቂም? ስንት ዓመት አይደል የተማርሽው!»

ረድኤት ወደ አዋላጇ ዞረች። «ሲስተር፣ በድሮው ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

«በድሮው ቢሆን እስካሁን ልኬያታለሁ» አለች ዘቢባ። ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። «አዲሱ ግን እስከዛሬ አላሳፈረኝም። ብዙ ጊዜ አልገባኝም፤ ግን አላሳፈረኝም። መድኃኒቱ እጄ ላይ አለ። ብትተዉልኝ እዚሁ አዋልዳታለሁ።»

«ቤተሰብ እምቢ የማለት መብት አለው አይደል?»

«አለው።» ዘቢባ ቀና ብላ አየቻት። «መብታችሁ ነው። ግን ወረዳው ያለው አንድ በራሪ አምቡላንስ ብቻ ነው። በዚህ ዝናብ ሆሳዕና ሆስፒታል ደርሳ ቶሎ አትመለስም። ይህንንም አስቢ።»

ረድኤት አላሰበችውም። የሰማችው የእህቷን ማቃሰት ብቻ ነበር። ሄኖክን አየችው፤ ሄኖክ እሷን አያት። ሁለቱም አውራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። የቤተሰቡ እምቢታ ተመዘገበ፤ በራሪዋ ተጠራች። ነጭ ሆና፣ ሹፌር የሌላት፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሣሩን እያስተኛች አረፈች። ሕሊናንና ረድኤትን ይዛ ተነሳች። ከላይ ሲያዩት የእንሰቱ ቅጠል፣ የቆርቆሮው ጣሪያና ቡናማው ጎርፍ ሁሉ ፀጥ ያለ ነበር።

ሕሊና በሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ምጡ ያን ያህል አልከበደም። ያዋለዷት ሐኪም ወጣት ነበሩ፤ ከወሊዱ በኋላ እጃቸውን እየታጠቡ ለረድኤት እንዲህ አሏት፤ «ግፊቱ በመድኃኒት ወርዶላታል። እዚያም ብትወልድ ደህና ትሆን ነበር። ግን መምጣታችሁ ጥሩ ነው፤ ምንም አይደል።»

ረድኤት ሳቀች፤ አለቀሰችም። ለአባቷ ደውላ «እንኳን ማርያም ማረቻት በሉ» አለች። አባቷ አማኝ ጴንጤ ስለሆኑ «ጌታ ይመስገን» ብለው አረሟት፤ እሷም እየሳቀች «ይመስገን» አለች። በራሪዋ ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ነፋስ ይዟት እንደቆየች ያን ጊዜ አላስተዋለችም።

በማግስቱ ዕቃ ለመውሰድ ወደ ቢዳራ ተመለሰች። ሲስተር ዘቢባ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋዋኗን አልቀየረችም።

«እህትሽስ?» አለቻት ቀድማ።

«ደህና ናት። ሴት ልጅ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ዘቢባ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላት። «ትናንት እናንተ እንደሄዳችሁ ከጎራ ቀበሌ አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ደም ይፈሳታል። ስክሪኑ ትሂድ አለ። በራሪዋን ጠራሁ፤ ሆሳዕና ናት፤ ነፋስ ይዟታል አሉኝ። ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። ልጁን አትርፌዋለሁ።»

ረድኤት ከጎኗ ተቀመጠች።

«ፍሬገነት ነው ስሟ» አለች ዘቢባ። «የአናጢው የጴጥሮስ ሄራሞ ባለቤት። የእርግዝና ክትትሏን እዚሁ ነበር የምታደርገው። ቀኗ እንደደረሰና እንግዴ ልጇ ያለቦታው እንደተቀመጠ እናውቅ ነበር። ቀድማ ሆሳዕና እንድትገባ ነግረናት ነበር፤ ጎርፉ ያዛት።»

ዘቢባ ይህን ስትናገር በወቀሳ አልነበረም። እንደሆነው ነበር የተናገረችው። ረድኤት ግን እዚያው አግዳሚ ላይ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ ያ ስንት ወር ያልገባት ነገር ገባት። እነዚያ ስማቸው የተፋቀ ሴቶች የቆዩት በገላቸው ባለ ነገር አልነበረም። የቆዩት በሌላ ሴት ምክንያት ነው። ምክንያቱ ከማኅደራቸው ውጭ ነበር፤ ገና ከቤቷ ባልወጣች፣ ምጥ ባልያዛት፣ ግን ልትመጣ በተቃረበች በሌላ ሴት ማኅደር ውስጥ።

የዚያኑ ቀን፣ እዚያው ቢዳራ፣ ማዳመጫዋን ሰክታ ተመራማሪውን አነጋገረችው። ስለ እህቷ አልጠየቀችውም። ስለ በራሪዋ ጠየቀችው።

«ትናንት በቢዳራ በራሪዋ ባትነሳ ኖሮ ለማን ነበር የምትጠብቀው?»

«ከጎራ ለምትመጣው» አላት ተመራማሪው፣ በዚያው በረጋ ድምፅ።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«ያን ቀን የመምጣት ዕድሏ ከፍተኛ ነበር።»

«ያ አስቸጋሪው ክፍል ሁሉ እንዲህ ነው? እዚሁ ትቆይ የተባለችው ሁሉ ለሌላ ሴት ሲባል ነው የቆየችው?»

«አዎ» አላት። «ከቆዩት አብዛኞቹ ተርፈዋል። የተጠበቀላቸውም ተርፈዋል። ያልተረፉም ነበሩ።»

ረድኤት ማዳመጫውን ነቀለች።

ሐዋሳ ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ናኦድ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ናኦድ በርጋታ ሰማት።

«እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አለ።

«ምለሃል እኮ።»

«ሞቱ መቀነሱን አየሁ። ለእኔ መረዳት ማለት ያ ነበር።» ቀጥሎ የተናገረው ሌላ ሰው እንዳይሰማው ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። «የእኔን እናት እንደዚህ የሚጠብቃት በራሪ ቢኖር ኖሮ፣ ለማን ሲባል ማን ቆየች ብዬ የምጠይቅ ይመስልሻል?»

ረድኤት ከእሱ ክፍል ወጥታ ለዶክተር ሚፍታህም ያንኑ ነገረቻቸው።

እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ዘጉት፤ ከዚያ እንደገና ከፈቱት፤ ጉባኤውንም ጠሩ። ረድኤት ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ አዳራሽ ቆመች። ያን ጊዜ ተነስታ የወጣችው የጤና ኃላፊም ነበረች። ረድኤት ያወቀችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። እህቷን ደብቃ አላለፈችም፤ ፍሬገነትንም በስሟ ጠራች።

«ሰው ይህን ማወቅ አለበት» አለች ረድኤት። «ስክሪኑ ላይ እዚሁ ትቆይ ሲል ለምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ይነገር።»

የጤና ኃላፊዋ ተነሳች። ፊቷ ላይ ድካም ይነበብ ነበር። «አንቺ ስታውቂ ነው ወይስ ሳታውቂ እህትሽን ያስወሰድሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሳላውቅ።»

«ብታውቂስ?»

ረድኤት ዝም አለች።

«እኔ የምፈራው ይህንን ነው» አለች ኃላፊዋ። «ከነገርናቸው ማንም እዚሁ አይቆይም። ሁሉም ጣቱን ያሳርፋል። በራሪዎቹም መጀመሪያ የደረሰውን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ድሮው ቁጥር ተመለስን ማለት ነው።»

«ታዲያ ተጨማሪ በራሪ ይገዛ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው። ማንም አልመለሰለትም።

ሰብሳቢው የሕግ ሰው ነበሩ። ወረቀታቸውን አስተካክለው ጉዳዩን ቋጩት። ለጉባኤው የቀረበው ጥያቄ ሰዎች ይወቁ አይወቁ የሚል አለመሆኑን ተናገሩ። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ሰው እንዲረዳ ነው፤ እስካሁን ይህ መሟላቱ አጠራጣሪ ነበር፤ አሁን ግን ያለ ጥርጥር አንድ ሰው ተረድቷል። ስለዚህ ሥርዓቱ ይቀጥላል። የረድኤት አንሼቦ የዶክትሬት ማዕረግም ጸድቆላታል።

አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ዶክተር ሚፍታህ አላጨበጨቡም። ከአዳራሹ ሲወጡ ክንዷን ይዘው «ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት።

«ወደ ጎራ እሄዳለሁ።»

«ምን ልትያቸው?»

«የሆነውን።»

ዶክተሩ ሊያስተዉዋት የፈለጉ መሰሉ። ከዚያ «መንገዱ ደርቋል መሰለኝ» ብቻ አሉ።

ጎራ ስትደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። ጴጥሮስ ሄራሞ ከቤቱ ጎን፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ የጠረጴዛ እግር እየላገ ነበር። መሣሪያውን አስቀመጠና አግዳሚ ላይ ቦታ ሰጣት። ረድኤት ስሟን ነገረችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን፣ እሷና ሄኖክ ያደረጉትን፣ በራሪዋ ለማን ትጠብቅ እንደነበር፣ ጉባኤው የወሰነውን። ጴጥሮስ መሬት መሬት እያየ ሰማት። አንዴም አላቋረጣት።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?» አለ በመጨረሻ።

«ጉባኤው። እኔ። ለሲስተር ዘቢባ ስመጣ ነግሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ ለሚመጣው ቤተሰብ ሁሉ እናገራለሁ ብላለች። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«እህትሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ልጇስ?»

«እሷም ደህና ናት።»

ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ። «ብታውቂ ኖሮ እህትሽን እዚያው ትተያት ነበር?»

በመንገድ ላይ ረድኤት ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። «አልተዋትም ነበር» አለች።

እሱ «እኔም ብሆን» አላላትም። ይቅር ብዬሻለሁም አላላትም። ሱሪው ላይ የቀረውን የእንጨት ፍቅፋቂ አራግፎ ተነሳ።

«የፍሬገነት እናት ውስጥ ናት» አለ። «በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ለምን አልደረሱላትም እያለች። ዝናቡ ነው እላታለሁ። ይህን ያልሽኝን እኔ ልነግራት አልችልም፤ አንቺ ንገሪያት።»

ረድኤት ለአፍታ መሄድ ፈለገች፤ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ማንም አይከለክላትም ነበር። ከዚያ ተከትላው ገባች።

ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሕፃኑ ተኝቷል። ጴጥሮስ በሀዲይኛ አንድ ሁለት ቃል አላቸውና ወጣ። አሮጊቷ ረድኤትን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ በእጃቸውም በርጩማውን አመለከቷት። ተቀመጠች።

«ስለ ልጄ ልትነግሪኝ መጣሽ አለኝ» አሉ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ስሟን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ፍሬገነት።»

አሮጊቷ ሕፃኑን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

«እንግዲያውስ ንገሪኝ» አሉ።